የሕልበቱ ስእለት

የካቲት 14፣ ዓርብ፣ ዓዲ ሓቂ

ዕቃዬ ገባ። ዕቃ ማለት አንድ ሻንጣ፣ አንድ ፍራሽ፣ ስለ ዶሮ በሽታ የሚያወሩ ሁለት ካርቶን መጻሕፍትና እናቴ ያሸከመችኝ አንድ ከረጢት በሶ ነው። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ መጋረጃ የለውም። ሱሪ የምቀይረው ጥግ ላይ ተለጥፌ ነው።

አከራዬ ወይዘሮ ለተመድህን ይባላሉ። ሰፈሩ ሁሉ «አደይ» ይላቸዋል፣ እናቴ እንደማለት ነው። እኔም ገና ፍራሼን ሳላወርድ አደይ አልኳቸው።

«ባለትዳር ነህ?» አሉኝ።

«ነኝ።»

«ሚስትህስ?»

«ትመጣለች።»

«ጽቡቕ፣ ደግ ነው። ሁለት ክፍል ለአንድ ሰው ምን ይሠራል? ለባለትዳር ነው የምሰጠው።»

ትመጣለች ያልኩት እንዲያው ነው። ማስተዋል እመጣለሁ አላለችም፤ እኔም ነይ አላልኳትም። ደብረ ማርቆስ መድኃኒት ቤቷ ውስጥ ናት። ስንለያይ ያለችኝ አንድ ነገር ነው፦ «ወንድሜነህ፣ አንተ ከእኔና ከእናትህ እጅ ሌላ የማትበላ ሰው፣ መቀሌ ሦስት ሳምንት አትቆይም። በሶህን ጨርሰህ ትመለሳለህ።» እርግጥ የተናደደችው የመምህርነት ውሉን ፈርሜ ከጨረስኩ በኋላ ስለነገርኳት ነው። እሱን እዚህ ማንሳት አያስፈልግም።

ልደውልላት ነበር። ኔትወርክ የለም።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ዐቢይ ጾም ገባ። ጉድ ሆኛለሁ።

ከሥራ ስመለስ አደይ ቤታቸው ጠሩኝ። ጎረቤታቸው ኣረጋሽም አለች፤ ሰፈሩ ሬዲዮ አያስፈልገውም፣ ኣረጋሽ አለችው። ትሪው መሀል ላይ ሕልበት። ማስተዋል ብትጠይቀኝ ኖሮ እንዲህ ብዬ እነግራት ነበር፦ የባቄላና የምስር ዱቄት ከአብሽ ጋር ይበስላል፣ ከዚያ በእጅ ተመትቶ ተመትቶ ነጭ አረፋ ይሆናል፣ መሀሉ ላይ ቀይ ስልስ ይፈስበታል። እኛም አገር እልበት የሚሉት አለ። የዚህ አብሽ ግን እንግዳውን ከበር ነው የሚቀበለው።

አብሽ! በልጅነቴ ቀጭን ነበርኩና እናቴ ሦስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ የአብሽ ውሃ ግታኛለች። አልወፈርኩም። አብሽ ሲሸተኝ ግን እስከ ዛሬ ከቤት እወጣለሁ።

አልወድም ማለት ይቻል ነበር። ግን አደይ ሕልበቱን ሲመቱ ጠዋት በመስኮቴ አይቻቸዋለሁ። ክንዳቸው ደክሞ እጅ ሲቀይሩ ሁሉ አይቻለሁ።

«ንዓ ወደይ፣ ብላዕ» አሉኝ። ና ልጄ፣ ብላ።

ላስነጥስ የመጣብኝ መስዬ አፍንጫዬን ያዝኩና፣ «አደይ፣ ስእለት አለብኝ» አልኩ።

«የምን ስእለት?»

«የአብሽ። አብሽ በጣም ነው የምወደው። ስለዚህ ላልበላ ተስያለሁ።»

«ለማን ታቦት?»

ግድግዳውን አየሁ። የአቡነ አረጋዊ ሥዕል አለ፤ ዘንዶው ወደ ተራራው ሲያወጣቸው። «ለአቡነ አረጋዊ» አልኩ። ዘንዶው ዞር ብሎ ያየኝ መሰለኝ።

«እስከ መቼ?» አለች ኣረጋሽ።

«ሚስቴ እስክትመጣ።»

አፌ ነው የተናገረው፣ እኔ የለሁበትም። ኣረጋሽ እልል አለች። አደይ ግን እልል አላሉም። ትንሽ አዩኝና ትሪውን ወደ ኣረጋሽ ገፋ አደረጉት። ተነክተው ይሆናል።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰርቪስ ተሳፍሮ ቃላሚኖ፣ የእንስሳት ሕክምና ከማስተምርበት ግቢ ደረሰ። ቢሮ የምንጋራው ገዛኢ ገና ስገባ፣ «ጎጃሜው ለአረጋዊ ተሳለ አሉ። ለሚስት! እኔ ለሚስቴ አበባ እንኳ ገዝቼ አላውቅም» አለኝ። ኮራሁ። ቀጥሎ አፈርኩ። ከዚያ ክፍል ገባሁ።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ነገሩ ሰፋ።

አደይ ከጾም መፍቻ በፊት ደጄ ላይ መጥተው ቆሙ። «ወደይ፣ ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ሽሯችን አብሽ አለው።»

«ሽሮው?»

«በርበሬውም አለው። ስልሱም በበርበሬው ነው የሚሠራ። ከዛሬ ጀምሮ አንተ ዘንድ አይደርስም።»

«አደይ፣ ትንሽ ትንሽ እንኳ ምንም አይልም።»

«ኣይ ወደይ። አረጋዊ ትንሽ ትንሽ አያውቁም።»

ድንች ሰጡኝ። ቅቅል። በጨው።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ድንች። ጎመን። ድንች። ዓርብ ዕለት ካሮት ነበረ፤ በዓል መሰለኝ።

ላሞችን በአካል ሁኔታቸው ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ እንሰጣቸዋለን። ዛሬ ተማሪዎቼን ሳስተምር ራሴን በመስታወቱ በር አየሁት፤ ሁለት ሰጠሁት። ገዛኢ ምሳውን አቅርቦ፣ «ናማ አልልህም፣ ስእለትህን አላስፈታህም» ብሎ ብቻውን በላ። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ሊገድለኝ ነው።

ማስተዋል አጭር መልእክት ላከች፦ «እየበላህ ነው?»

«በደንብ» ብዬ መለስኩ። ሌላም ልጽፍ ነበር፤ ኔትወርኩ አስቸገረ። (ገዛኢ በዚያው ሰዓት ከዓዲግራት እህቱ ጋር ግማሽ ሰዓት አወራ። የእሱ ስልክ ጥሩ ነው መሰለኝ።)

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

እዚህ ደብተር ላይ ካልተናዘዝኩ የት ልናዘዝ።

የሚያውቀኝ ሰው ከሌለበት ሰፈር ሽሮ ልበላ ቁሓ ሄድኩ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዲህ ትንሽ ምግብ ቤት አለ፣ አራት ጠረጴዛ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሽሮ አለ ስላቸው አልቋል አሉኝ። ምን አለ ስላቸው ሕልበት አሉኝ።

ተነስቼ ልወጣ ነበር። እግሬ እንቢ አለ። ድንች የበላ እግር ነው፣ ጉልበት የለውም።

አፍንጫዬን ይዤ አንድ ጉርሻ ዋጥኩ። ሁለተኛውን አፍንጫዬን ሳልይዝ። ለስላሳ ነው፤ ስልሱ ያቃጥላል፣ ሕልበቱ ተከትሎ ይመጣና ያባብላል። አብሹ የት ሄደ? አለ፤ ግን የእናቴ ኩባያ ውስጥ ያለው አይደለም። ስንት ዓመት ሙሉ ከስንት ነገር ሸሽቼ ኖሬያለሁ ማለት ነው። ትሪውን በእንጀራ ጠረግኩት። ይድገምልኝ አልኩ።

ማታ አደይ ድንች አቀረቡልኝ። በትሕትና በላሁ።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ቁሓ። ለሥራ ጉዳይ።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ቁሓ። (ሥራው አላለቀም።)

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ተያዝኩ ብዬ ነበር። ግቢው ውስጥ ልብስ ሳሰጣ ኣረጋሽ በአጠገቤ አለፈች፣ ቆመች፣ አሸተተች። «አብሽ፣ አብሽ ትላለህ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አብሽ በላብ ይወጣል፣ ይህን ከማንም በላይ እኔ የእንስሳት ሐኪሙ ማወቅ ነበረብኝ።

ላቤ ይበልጥ ወረደ። ኣረጋሽ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «አደይ ለተመድህን! ኑና እዩ! ሰውየው ሳይበላው አብሽ አብሽ ይሸታል! አረጋዊ ስእለቱን ተቀብለውታል!» ብላ ተጣራች። እስከ ማታ ሦስት ሴቶች ሊያሸትቱኝ መጡ።

አደይም መጥተው አሸተቱኝ። አንድ ጊዜ። ከዚያ ሄዱና ማታ ድንቹ ላይ አንድ ድንች ጨመሩ።

መጋቢት 14፣ እሑድ፣ ደብረ ዘይት

የወሩ አረጋዊም ዛሬ ዋለ። ከቅዳሴ በኋላ የሰፈሩ ሴቶች አጸዱ ሥር ከበው፣ «የሚስትህ ስም ማነው?» አሉኝ።

«ማስተዋል።»

«ክርስትና ስሟስ?»

«ወለተ ሐና።»

ሃያ የሚሆኑ ሴቶች፣ አይተዋት የማያውቁ፣ «ወለተ ሐናን በሰላም አምጣልን» ብለው አንድ ላይ ሰገዱ። አንዷ እግሯን ያማታል፤ እሷም ሰገደች። ቀሺ ገብረተንሳኤ፣ የአደይ የንስሐ አባት፣ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው ስሟን ደገሙት።

ሳቄ መጥቶ ነበር። ከዚያ ጠፋ። እነዚህ ሴቶች ዛሬ ስሟን የጠሩትን ያህል እኔ ከመጣሁ ወዲህ አልጠራኋትም። ያስጨነቀኝ ውሸቱ አልነበረም። ሴቶቹ የለመኑት ነገር ቢሆን ደስ እንደሚለኝ ነው ያስጨነቀኝ። በጣም ናፍቃኛለች።

ልደውል ነበር። ኔትወርኩ... ተወው። ኔትወርክ ነበረ።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

አሁንማ አለቀልኝ።

ቁሓ ሁለተኛውን ትሪ ጀምሬ ነበር። ሰው ገብቶ ከፊቴ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ጥቁር ካባ፣ ነጭ ጥምጣም፣ ጭራ። ቀሺ ገብረተንሳኤ! እህታቸው ቁሓ ናት ለካ፤ ሊጠይቋት መጥተው ነው።

እሳቸው እኔን አዩ። ሕልበቱን አዩ። ጉርሻው እጄ ላይ ነው፤ የት ላድርገው? ወደ ትሪው መመለስ ነውር ነው፤ መብላት ኃጢአት ነው። በላሁት።

«ጨርስ ወደይ» አሉኝ። «እህል አይጣልም።»

እሳቸውም አዘዙና በሉ። ስንወጣ ሁሉንም ነገርኳቸው። አፍንጫዬን እንደያዝኩ፣ ሥዕሉን እንዳየሁ፣ ላቡን፣ ድንቹን። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሳቁት፣ ድንቹ ላይ።

«መጀመሪያ ስትሳል ሕልበት ትጠላ ነበር» አሉ።

«አዎ አባ።»

«አሁንስ?»

«እወደዋለሁ።»

«ሚስትህ እንድትመጣ ትፈልጋለህ?»

አንድ ሚኒባስ «ቁሓ መቐለ» እያለ አለፈ። «እፈልጋለሁ» አልኩ።

«እንግዲህ የምትወደውን ነገር ለምትፈልገው ነገር መተው ነው ስእለት። ከዛሬ ጀምሮ እውነት ይሁን። ሕልበት የለም፣ ቁሓም የለም፣ እስክትመጣ።»

«እሺ አባ።»

«ነይ ብለሃታል?»

«...አላልኳትም።»

ጭራቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉ። «አረጋዊ ብዙ ነገር ይችላሉ ወደይ። ስልክ ግን አይደውሉም።»

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ደወልኩ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች። ኔትወርኩ የሚገርም ነበር፣ ስትተነፍስ እንኳ ይሰማል።

«ወንድሜነህ? ምን ሆንክ?»

«ምንም። ደኅና ነኝ።»

«በሶው አለቀ?»

«ከሁለት ሳምንት በፊት።»

«እና አልተመለስክም?»

«አልተመለስኩም።» ከዚያ ቶሎ ቶሎ ተናገርኩት፣ ካልሆነ አይወጣም። «ማስተዋል፣ ሳልጠይቅሽ መፈረሜ ጥፋት ነው። ስትቆጪኝም ዝም ማለቴ ጥፋት ነው። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ነይ።»

እናቷ ከጓዳ «ማነው?» ሲሉ ተሰማኝ። ስለ መቀሌ ብዙ ወሬ ነው የሚሰሙት፤ ልጃቸውን ወደዚህ መላክ ቀላል አይደለም።

«ምን ትበላለህ?» አለችኝ።

«ድንች።»

«አንተ?»

«ረዥም ታሪክ ነው።»

አልሳቀችም፤ ግን ሳቋን የያዘችበትን ድምፅ አውቀዋለሁ። ከዚያ ድንገት፣ «መስኮቱ ስንት ክንድ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ተነስቼ ለካሁት። ሦስት ክንድ ከስንዝር። «እሺ፣ አያለሁ» ብላ ዘጋችው።

ለምን መስኮቱን እንደጠየቀችኝ አልገባኝም። የመድኃኒት ቤት ሰዎች መለካት ይወዳሉ።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ስእለቱ አሁን እውነት ነው፣ ስለዚህ ያማል። አደይ ሕልበት ሲመቱ ቹፍ፣ ቹፍ፣ ቹፍ የሚለው ድምፅ በመስኮቱ ይገባል። በፊት ከሽታው ነበር የምሸሸው፤ አሁን መስኮቱ ሥር ወንበር አድርጌ ፈተና አርማለሁ። ለአንድ ተማሪ ሳላውቀው ከሃያ ሃያ ሦስት ሰጠሁት።

ማስተዋል አልደወለችም። አራት ቀን።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

አልደወለችም። አደይ «ሚስትህ ምን አለች?» አሉኝ። «አያለሁ አለች» አልኳቸው። ከመጣሁ ጀምሮ ስለ እሷ የነገርኳቸው የመጀመሪያው እውነት መሆኑ ትዝ ያለኝ ክፍሌ ከገባሁ በኋላ ነው።

«ኣጆኻ» ብለውኛል። አይዞህ ማለት ነው። ድንቹ ላይ ዛሬ ዘይት ነበረው።

መጋቢት 28፣ እሑድ

መልእክት። ከአዲስ አበባ የሚነሳ የአውሮፕላን ቲኬት ፎቶ። ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና፣ ጠዋት። ከሥሩ፦ «የሁለት ሳምንት ፈቃድ ነው። ለማየት ብቻ።»

ስልኩን ይዤ ወደ ግቢው ስሮጥ ያሰጣሁት ጋቢ ፊቴ ላይ ተጠመጠመ። ኣረጋሽ ከአጥሩ ማዶ እልል አለች፤ ምን እንደሆነ ገና አልነገርኳትም።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ግቢው ታጠበ። እኔም ተላጨሁ። አደይ ነገ ስእለቴ የሚፈታበትን ሕልበት ራሳቸው ሊመቱ ነው። ቀሺም ይመጣሉ። ማስተዋልን ስለ ስእለቱ ላስጠነቅቃት አስቤ ነበር፤ በጽሑፍ እንዴት ይባላል? ሦስት ጊዜ ጀምሬ አጠፋሁት። ቁሓ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እነግራታለሁ።

ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

አልነገርኳትም። ሳገኛት ያሰብኩት ሁሉ ጠፋኝ። ከስታለች፣ ጸጉሯን አሳጥራለች፣ ጣቴ ላይ ያሰርኩትን ዘንባባ አይታ፣ «ለእኔም አምጣ» አለች፤ ከዚያ ወዲያ እጄን ስላልለቀቀችኝ ማውራት ረሳሁ።

ግቢው ሰው ሞልቷል። አደይ አቅፈው ስመው ስመው፣ «እንቋዕ ብደሓን መፃእኪ ጓለይ» አሏት፤ እንኳን ደኅና መጣሽ ልጄ ማለት ነው። ሴቶቹ ፊቷን እያዩ፣ እሷ ናት፣ እሷ ናት ተባባሉ። ማስተዋል ጆሮዬ ላይ፣ «ለምንድነው የሚያውቁኝ?» አለች። ልመልስ ስል ትሪው ቀረበ።

ነጭ፣ አረፋ፣ መሀሉ ቀይ። ሁሉም እጄን ይጠብቃል። ቀሺ ባረኩት። ማስተዋል ጎንበስ ብላ አሸተተችና ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ፣ «ይሄ አብሽ አይደለም እንዴ? እሱ እኮ አብሽ ሲሸተው ከቤት ነው የሚወጣው» አለች።

ኣረጋሽ ለእልልታ ያነሳችው እጅ አየር ላይ ቀረ። መሬት አልተከፈተችልኝም፤ ድንጋይ ነው።

«እናውቃለን ጓለይ» አሉ አደይ።

«ያውቃሉ?» ያልኩት እኔ ነኝ።

«አፍንጫህን ይዘህ ነው እኮ በጣም እወዳለሁ ያልከኝ።»

«ታዲያ... ሽሮውስ? ድንቹስ?»

«በአረጋዊ ስም የዋሸ ሰው ድንች ይብላ ብዬ ነው።»

ቀሺ ጢማቸው ውስጥ አሳላቸው። «ላቡስ?» አለች ኣረጋሽ ሊያለቅስ በደረሰ ድምፅ፣ «ሦስት ሴት ጠርቼ ያሸተትነው ላብስ?»

«ቁሓ ነው» አሉ ቀሺ።

መጀመሪያ የሳቀችው እግሯን የሚያማት ሴትዮ ናት። ከዚያ ሁሉም። አደይ ማስተዋልን እጇን ይዘው፣ «ውሸቱ የሱ ነው፤ ጸሎቱ ግን የኛ ነው። እሱ ከልብ ነበር» አሏት። ማስተዋል አልሳቀችም። ሃያዎቹን ሴቶች አንድ በአንድ አየቻቸው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ዓይኗ ሞላ።

ቆርሼ በላሁ። ደገምኩ። ሦስተኛው ላይ ግንባሬን በመዳፏ ነካች። «ወንድሜነህ፣ አመመህ እንዴ?»

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

ዛሬ ለማስተዋል ሕልበት ቀረበላት። አንድ ጉርሻ ቀመሰች፣ ፊቷ ሲጨማደድ አየሁ፣ አፏን ከፈተች፣ «አደይ፣ እኔ እንኳ በዚህ ጾም...» ስትል እግሯን ረገጥኩት።

«እውነቱን ተናገሪ» አልኳት በሹክሹክታ። «ድንች አለ።»

«አልጣመኝም አደይ» አለች።

አደይ ተደሰቱ። «ይቺ ሴት ጥሩ ናት» ብለው ሽሮ አመጡላት። ለእኔም አመጡልኝ፤ ከአርባ ስምንት ቀን በኋላ።

ከምሳ በኋላ ሻንጣዋን ፈታች። ከሥር መጋረጃ ወጣ፣ አበባ ያለበት፣ ራሷ የሰፋችው። ሰቀልነው። ከጎን አንድ ስንዝር ተኩል ጎደለ።

«በማን ክንድ ነው የለካኸው?» አለችኝ።

«በእኔ።»

«እኔ በእኔ ነው የቆረጥኩት።» መጋረጃውን ወደ ግራ ሳበችው፣ ወደ ቀኝ ሳበችው፤ በየትም በኩል ይጎድላል። «ከእንግዲህ ከመለካትህ በፊት ጠይቀኝ።»

«እሺ።»

«ክረምት ሳይገባ ጨርቅ እንቀጥልበታለን፣ ብርድ ያስገባል።»

ፈቃዷ የሚያልቀው ሚያዝያ 18 ነው። አላስታወስኳትም።